ድመቴን እንደ አንድ ነፍስ ለቆጠሩልኝ አከራዬ

ለተከበሩ ጋሽ ተሰማ፣ የግቢያችን ባለቤት፣ የቆጣሪያችን ጠባቂ፣ የእህል መጋዘኑም ጌታ፤
ወልቂጤ

ጤናዎ እንደ መጋዘንዎ የሞላ፣ እንቅልፍዎም ከቧንቧችን ውሃ ያነሰ የሚቆራረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሰርቪስ ክፍሎቹ በመጨረሻዋ የምኖረው ተከራይዎ ሔራን ነኝ፤ አምና በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ፣ እስከዚያው ልጆች በማስጠናት እተዳደራለሁ። ይህን ደብዳቤ የግቢው በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ውሳኔዎ እዚያው ብቻውን ተለጥፎ እንዳይበርደው ብዬ ነው።

በውሳኔዎ መሠረት ድመቴ ደመወዝ ከዚህ ወር ጀምሮ እንደ አንድ ነፍስ ተቆጥራ የውሃና የመብራት ትከፍላለች፤ ካልከፈለች ግቢውን ትለቃለች። (ደመወዝ ያልኳት በዚህ ስም የሚጠራ ነገር ቤቴ ገብቶ እንዲያድር ስለጓጓሁ ነው።) «ነፍስ ያለው ሁሉ ውሃ ይጠጣል» ማለትዎንም ሰምቻለሁ፤ የሚካድ አይደለም። ቢሆንም በትሕትና የማቀርባቸው ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. ደመወዝ ጠብታ ውሃ ሲነካት ጣሪያ ላይ የምትወጣ፣ ገላዋን በምላሷ የምትታጠብ፣ የሚታጠብ ልብስ የሌላት ፍጥረት ናት። በወር የተጣለባት መቶ ሃምሳ ብር ግን በቀን ሁለቴ ሻወር የሚወስድ ጎረምሳ የሚከፍለው ነው።

፪. መብራት፣ በወር መቶ ብር። በጨለማ ማየት የቻለችው ከውሳኔዎ በፊት ነው።

፫. የተማርኩትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ እንዳውለው ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። የደመወዝን ዓመታዊ ወጪ ሳሰላው፣ ከልኳንዳ ቤት የሚገዛላት ሳንባ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሁለት መቶ፣ በድምሩ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር ሆነ። ለእርስዎ የሚገባው ደግሞ ሦስት ሺህ። ስለዚህ ጋሽ ተሰማ፣ ድመት ከማሳደግ ይልቅ አከራይ ማሳደግ ብዙ ያስወጣል።

፬. ይህኛውን መጻፍ ትንሽ ይከብደኛል። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ፈተና ለጥቂት ቀናት ቡታጅራ ስሄድ ደመወዝን ለጎረቤቴ ለእትዬ ከድጄ አደራ ሰጥቼ ነበር። ስመለስ እትዬ ከድጄ እየሳቁ «ወላሂ ድመትሽ ቀደመችሽ፤ ሥራ ይዛለች» አሉኝ። ለካ እርስዎ ማታ ማታ እየወሰዱ ጤፉና ስንዴው ካለበት መጋዘን ሲቆልፉባት፣ ጠዋት ጠዋት ሲያወጧት ኖሯል። ያለ ፈተና፣ ያለ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ያለ ዋስ ስለቀጠሯት ቀንቻለሁ። የከነከነኝ ለሠራችበት ያልተከፈላት መሆኑ አይደለም፤ ለሠራችበት እንድትከፍል መጠየቋ እንጂ።

እንግዲህ ከሁለት አንዱን ይምረጡልን፦ ወይ ተከራይ ትሁንና ሌሊቱን እንደ ማንኛውም ተከራይ ቤቷ ትተኛ፤ ወይ ሠራተኛ ትሁንና ክፍያው ተነስቶላት ሳንባዋን እርስዎ ይቻሉ። መልስዎ እስኪደርሰኝ ተከራይነቷን ተቀብዬ፣ በሬን ቆልፌ አብረን እንተኛለን። እሷን ጥዬ መኖር እንደማልችል ግን ያለ ቀልድ እነግርዎታለሁ፤ ከየፈተናው ስመለስ «እንደውልልሻለን» ሳትል የምትቀበለኝ እሷ ብቻ ናት።

ከቆጣሪዎ ፊት ዝቅ ብዬ፣ በአንድ አልጋ ተኝቼ በሁለት ነፍስ የምከፍል፣ የዘወትር አክባሪዎ፣
ሔራን፣ ስለ ደመወዝም ጭምር

ሳልረሳው፦ ይህን ስጽፍ ደመወዝ ጭኔ ላይ ተኝታለች፤ ከመጋዘንዎ የሚሰማው ሩጫ ግን ከሰርግ ቤት አያንስም። የሚቀጥለውን የውሃ ሂሳብ ሲያካፍሉ እንግዶችዎንም አንድ በአንድ ይቁጠሩልን፤ ነፍስ ያለው ሁሉ ውሃ ይጠጣልና።