ድንኳን ያዋስነው ሰው

ጁባ፣ ጉምቦ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ረታ፣

እንደምን ከረምክልኝ? እሁድ እዚያ አገር ቤት ሰልፉ ላይ የምታሰማውን ንግግር በስልክ ልከህልኝ ሰማሁት። ደግሜም ሰማሁት። «መርቂኝ» ብለሃል። ምርቃት ለልጅ አይከለከልም፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ።

«እንጀራህን የቀሙህ መጤዎቹ ናቸው» የሚለው ጋ ስትደርስ ሕዝቡ እንደሚያጨበጭብ ነግረኸኛል። አውቃለሁ። እዚህም ተጨብጭቧል።

ስለ ሉቃስ አጫውቼህ ነበር። ጋምቤላ በስደት ያደገ፣ የዚሁ የደቡብ ሱዳን ልጅ። ምሳውን እኔ ምግብ ቤት ነው የሚበላው። ለምርጫ ሊወዳደር ስብሰባ ጠራና፣ ፀሐዩ ስለከበደው የእድራችንን ድንኳንና ወንበር ለመነን። ሰብሳቢያችን ጋሽ ግዛው «ለጎረቤት ሐዘን የምንሰጠውን ለስብሰባው እንከለክላለን?» አለ። አዋስነው። ወንበሩን የወለወልኩት እኔ ነኝ።

እዚያው ድንኳናችን ውስጥ ቆሞ፣ ሀበሻ ገበያችሁን በላው አላቸው። ወንበራችን ላይ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ጎረቤቴ ዙልፋም። ዓይኗን ከኔ መለሰች፤ እጇ ግን አላቆመም።

ስብሰባው ሲያልቅ ሉቃስ ወደኔ መጣ። «እትዬ፣ በልብሽ አትያዥው። ፖለቲካ ነው። ምርጫው ይለፍ እንጂ ሽሮሽን ማን ይተዋል?»

«እነሱስ ፖለቲካ መሆኑን ያውቃሉ?»

ሳቀ። «ማሊሽ» አለኝ። እዚህ ይቅርታ ማለት ነው፤ ሻይ ሲደፋብህም ይሉሃል።

በማግስቱ ጎረምሶች መጥተው ውጡ አሉን። ሉቃስ ሮጦ ደረሰ። እውነቱን ልንገርህ፣ በሩ ላይ ቆመልኝ። «ካላስ፣ በቃ፣ እሷን አላልኩም» አላቸው። አንዱ፣ ሳይጮህ፣ «አንተስ ያደግከው እነሱ ጋ አይደል? አንተም ሀበሻ ነህ» አለው። ገፍተውት ገቡ።

ምግብ ቤቱ ተዘግቷል። ይሄን ደብዳቤ የጻፈችልኝ ሰላም ናት፤ አስተናጋጄን ታውቃታለህ። እጄን ትንሽ ስላመመኝ ነው፣ አታስብ።

ከሱ ይልቅ ባንተ ነው የምናደደው። እሱን እኔ አላሳደግኩትም። «እማ፣ ስልት ነው እንጂ አላምንበትም» አልከኝ። ብታምንበት ይሻለኝ ነበር። የሚያምንን ሰው ተከራክረው ይመልሱታል። አንተን በምን ልመልስህ? መጤ ከምትላቸው መሀል በር የምትከፍት፣ ወንበር የምትወለውል ሴት የለችም?

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ። ክፉ አይንካህ። የእሁዱ ምርቃቴ ግን ይህ ነው፦ እሁድ ጠዋት ድምፅህን ይዝጋው፤ ሰኞ ይመልስልህ።

እናትህ
ሸዋረጋ