የምሰሶው መስመር

ይድረስ ለልጄ ለቴፔይ፤ ባሕሩ ላይ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ ሻይ ቅጠሉንም ለቅመን ጨረስን።

የእህትህን የቺዙሩን መንጋጋ ሐኪሙ ከአጥንቱ ቆንጥሮ አስመረመረው። «ካንሰር አይደለም፤ አጥንቱ ነው ያለ ልክ የሚወፍረው። ማደግ ስታቆም ትርፉን እንጠርበዋለን» አለን። ፎቶ ላኩልኝ ያልከውን ግን እምቢ አለች።

በልጆች ቀን እንደ ልማዳችን ቁመቷን የቤታችን ምሰሶ ላይ ለካሁ። ድሮ በእግር ጣቷ ቆማ የምታጭበረብረኝ ልጅ፣ ዘንድሮ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ «እማ፣ ማደግ አቆምኩ አይደል?» አለችኝ።

ጉልበቷን አጥፋም ሁለት ጣት ጨምራለች። «አዎ፣ አቁመሻል» ብዬ በአምናው መስመር ላይ ደግሜ አሰመርኩ።

ስትመጣ እንደ ልማድህ «አንቺ ቀርከሃ፣ ደግሞ ረዘምሽ?» እንዳትላት አደራ።

በሰላም ግባልኝ።
እናትህ ሱሚኤ