«ጨለማ ይበዛበታል» ስለተባለው አልበማችን

ለተከበሩ አቶ ጥጋቡ
የጮራ ወጣቶች አዳራሽ የበላይ ኃላፊ
ንፋስ መውጫ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? አዲሱ የቢሮ ወንበርዎስ ተመቸዎ? እኛ ዕድሜ ለእርስዎ፣ ከአንዱ በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

እኔ ራሄል የ«በረዶ» ባንድ ድምፃዊና ጊታር ተጫዋች ነኝ። ትራሽ ሜታል የሚባለውን ፈጣንና ከባድ ሙዚቃ እንጫወታለን፤ እርስዎ በደግነትዎ «የአውድማ ጩኸት» ብለው የሰየሙልንን ማለቴ ነው። ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ቤዝ የሚጫወተው ጌታነህና ድራመራችን ማሩ። ማሩ ባለፈው ዓመት ሐምሌ 12 ቀን በእርስዎ አዳራሽ መድረክ ላይ፣ ጣሪያው ባፈሰሰው ውኃ ውስጥ እንደቆመ፣ የተላጠ ሽቦ ይዞት ሞተ። ይህን ማስታወሴ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ስብሰባ ስለሚበዛብዎ ዘንግተውት ይሆናል ብዬ ነው።

ሁለተኛውን አልበማችንን በሙት ዓመቱ ዕለት፣ በዚያው መድረክ ለማስመረቅ ፈቃድ ብንጠይቅዎ «ሥራው ጨለማ ስለሚበዛበት አልተፈቀደም» የሚል፣ ማኅተሙ ያማረ ደብዳቤ ላኩልን። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩ኛ. የመጀመሪያው አልበማችን ደስ ይል እንደነበር አስታውሰው «ወደዚያው ተመለሱ» ስላሉን እናመሰግናለን። ያኔ ስለ ባጃጅ ሹፌሮችና እህል ስለሚያጠፋ በረዶ እየሳቅን ነበር የምንዘፍነው። መመለሱን እኛም አንጠላም፤ ማሩን ይመልሱልንና ነገውኑ እንመለሳለን።

፪ኛ. አራተኛውን ዘፈን «ድራም ስለጎደለው ጥራቱን ያልጠበቀ» በማለትዎ ለጆሮዎ ምስጋና ይድረሰው። ማሩ ድራም ከመያዙ በፊት ቤተ ልሔም ከድጓ መምህራን ዘንድ ዜማ የተማረ ልጅ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮ እንደማይመታ፣ በመቋሚያ ብቻ እንደሚዘመም ከእርስዎ የተሰወረ አይደለም፤ እሑድ እሑድ ነጠላዎን አጣፍተው ከፊት ሲቆሙ አይዎታለሁና። እኛም ድራሙን አሳረፍነው። ጌታነህ የማሩን መቋሚያ መሬት ላይ ይመታል፤ ከዚያ በቀር በእሱ ቦታ ምንም የለም። ሌላ ድራመር እንቅጠር ወይ ብለን እናቱን እማማ ካሣነሽን ብናማክራቸው፣ «ተዉት ልጆቼ፣ ባዶነቱ ይሰማ» አሉን። እርስዎም ሰምተውት ጉድለት አሉት። አዎ፣ ጉድለት ነው። ማን እንዳጎደለው ግን ደብዳቤዎ አይልም።

፫ኛ. «ሽቦ» የተባለው ዘፈን «የተቋሙን ስም ስለሚያጎድፍ» እንዲወጣ አዘዋል። ስም በዘፈን የሚጎድፍ ከሆነ በሬሳ ምን ሊሆን ነው? ስለዚያ ሽቦ ግንቦት ላይ ጻፍንልዎ፣ ሰኔ ላይ ደገምንልዎ፤ «በሂደት ላይ ነው» ብለው መለሱልን። ሂደቱ ሐምሌ ላይ ማሩ ዘንድ ደረሰ። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። በለቅሶው ድንኳን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ንፍሮ ሲዘግኑ ዝም ያልኩት ለእናቱ ስል ነው እንጂ ሳልናደድ ቀርቼ አይደለም።

የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ሐምሌ 12 አዳራሹን ይክፈቱልን። እማማ ካሣነሽ ልጃቸው የወደቀበትን መድረክ አንድ ቀን ዜማ ሲሰማበት ማየት ይፈልጋሉ። እምቢ ካሉም ደጃፉ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመን አራተኛውን ዘፈን እንጫወታለን። ለእሱ መብራት አያሻውም፤ መቋሚያና ድምፅ ይበቃዋል።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ የማኅተምዎን ቀለም አያድርቅብዎ እያልኩ፣ ከአክብሮት ብዛት ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣

ራሄል፣ ከ«በረዶ» ባንድ
ከሁለቱ አንዷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽቦው እስከ ትናንት ድረስ እንደተላጠ እዚያው ነበር። ነገ ሕፃናት ለትምህርት መዝጊያ በዓል ሊለማመዱ መድረኩ ላይ እንደሚወጡ ስንሰማ፣ ዘበኛውን ለምነን ከአንድ ኤሌክትሪሺያን ጋር ገባን። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋን፤ ባለሙያው የተላጠውን ቆርጦ ጣለ፣ ቀጠለው፣ በፕላስተር ጠቀለለው። ሥራው ሲጀመር፣ ከአልበሙ እንዲወጣ ያዘዙትን «ሽቦ»ን በስልኬ ከፍቼ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ዘፈኑ ገና አላለቀም።