ከአሮጌው ሠንጠረዥ ወደ አዲሱ

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ? ወይስ ዛሬም ስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋሽ ነው? ባለቤትሽ ደህና ነው? የእናታችን ጉልበት ተሻላት? እኔ ተመስገን ነው፣ ጤነኛ ነኝ። ድምፄ ብቻ ጎርነን ብሏል፤ ምክንያቱን አጫውትሻለሁ።

ሆስፒታል እየሠራሽ መርፌ እንኳ አትወጊም፣ ታዲያ ምኑ ነው ሥራሽ እያልሽ ትስቂብኝ የለ? እንግዲህ ስሚኝ። የበሽተኞቹ መረጃ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ በሠንጠረዥ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ አለው፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ሁሉም በየዓምዱ። ሰሞኑን አሮጌው ሠንጠረዥ አልበቃ አለንና ረድፎቹን ወደ አዲስ መገልበጥ ነበረብን።

ሥራው ለባልደረባዬ ደረሰው። ችኩል ስለሆነ ባቡሩ ነው የምንለው። እሱም ያለውን እንዳለ ገልብጥ ብሎ ባንድ ትእዛዝ ተገላገለው። የረድፎቹ ቁጥር ከአሮጌው ጋር ልክ ገጠመ። አለቃችንም ደስ ብሎት ነገ ጠዋት ለሐኪሞቹ ይከፈት አለ። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ጥቂት ረድፎች ከፍቼ ባነብ ክው አልኩ። የአንድ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን የማይስማማው በሚለው ሥር ገብቷል፤ ሰውነቱን የሚያሳብጠው ፔኒሲሊን ደግሞ የሚወስደው በሚለው። ለካ በአዲሱ ሠንጠረዥ የሁለቱ ዓምዶች ቅደም ተከተል ተቀያይሯል። ዓምዶቹን በስማቸው ካልጠራሽለት ደግሞ ማሽኑ በተራቸው ነው የሚያስገባው። ሁለቱም የመድኃኒት ስም ስለሆኑ ምንም አልጎረበጠው።

አለቃችን ለዳይሬክተሩ ቃል ገብቻለሁ፣ ይከፈትና ቀስ እያልን እናስተካክለዋለን ቢለኝ፣ እኔ እያለሁ አይከፈትም አልኩት። ጮኽኩበት እንጂ አልኩት አይባልም፤ ድምፄም ያኔ ነው የሄደው። ደግነቱ አሮጌው አልተነካም ነበር። አዲሱን ባዶ አደረግነውና የትኛው ዓምድ ወደየትኛው እንደሚገባ አንድ በአንድ በስሙ ጽፈን እንደገና ገለበጥን። ከዚያ ባቡሩ አንገቱን ደፍቶ ከአሮጌው እያነበበልኝ፣ እኔ ከአዲሱ አመሳከርኩ። አለቃችን እየተነጫነጨም ቢሆን ጠበቀን። ስንጨርስ ክፈቱት ያልኩት ያለ ምንም ማመንታት ነው።

በተከፈተበት ቀን ከሰዓት በኋላ የድንገተኛ ክፍል ነርሷ ደወለች። ራሷን የሳተች ሴት መጥታለች፤ የሚናገርላት ዘመድ የለም፤ በካርዷ ነው ያወቋት። ሐኪሙ ፔኒሲሊን አዟል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይስማማትም ይላል፤ አዲሱን እንመነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ረድፏን ከአሮጌው ጋር አስተያየሁና እመኚው አልኳት። ሌላ መድኃኒት ሰጧት። ወደ ቤት ልሄድ ስል፣ ሴትዮዋ ነቅታ ውኃ ጠየቀች ብላ ነርሷ ነገረችኝ። ኩራቴን አልደብቅሽም፤ ደስታው ቢያቅተኝ ባቡሩን አቀፍኩት።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽን ጉንጯን፣ ትንሹን ካልሸሸሽ ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ። እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ያኔ ፊቷን ያሳበጠባትን መድኃኒት ስሙን ጻፊና ቦርሳዋ ውስጥ ክተችላት። አንቺም እኔም አጠገቧ ባንኖር ይናገርላታል።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከመረጃ ክፍል፣ ከጠረጴዛዬ
ኅዳር 12 ቀን