አንዲት «ተ» ስለመረቁልኝ

ለክቡር አቶ ናሆም ገብረ ኢየሱስ
የኑሮ ንጽጽርና የምግብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን፣ በተለይም የምግብ ፍላጎትዎን፣ አላህ ይጠብቅልዎ። እኔ ምስራ ጠይብ እባላለሁ፤ ከጭድ ተራ ጀርባ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። «የዓለም ቤተሰቦች በሳምንት ምን ይበላሉ፣ ስንትስ ያወጣሉ» በሚለው ኤግዚቢሽንዎ፣ በጀርመንና በጃፓን ቤተሰቦች መካከል ደጃፍዎ ላይ በፎቶ የተሰቀልኩት ሴት እኔው ነኝ። እንዲህ ካለ ጎረቤት ጋር ስላስቀመጡኝ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታ አለኝ።

አንደኛ፣ ስለ ጠረጴዛው። የሳምንት ቀለባችን ለካሜራ አልታይ ቢል፣ ፎቶ አንሺዎ ጠረጴዛ ከቢሮ፣ ሙዝ፣ እንቁላልና ሁለት ዶሮ ደግሞ ከገበያ በውሰት አምጥተው አሳመሩን። ፎቶው እንዳለቀ ሁሉም እንደመጣ ተመለሰ። ትንሿ ልጄ ሂዳያ የነከሰቻትን አንዲት ሙዝ ብቻ ትተውልን ስለሄዱ፣ ለዚህ ደግነት ቃል ያጥረኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጹ። ባለሙያዎ የማወጣውን ሰምተው፣ በዚህ ገንዘብ አራት ሰው እንዴት እንደሚበላ ሲጠይቁኝ፣ «በምራቂ ነው» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ስገዛ ጋሼ በሽር ከሚዛኑ በላይ የተሰነጠቀውንና የለሰለሰውን ይመርቁልኛል፤ ምስር ሻጯም እንዲሁ። መርካቶ የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ባለሙያዎ ግን የፊደል ግድፈት መስሏቸው ከፊት «ተ» አስገብተው፣ «ም»ንም ወደ «መ» አቃንተው «ተመራቂ ቤተሰብ» ብለው ጻፉን። በእናንተ ቋንቋ ተመራቂ ማለት ከድህነት ወጥቶ ድጋፍ የማይሻ ማለት እንደሆነ የገባኝ፣ ለወሩ ዱቄትና ዘይት ተሰልፌ ስሜን ከዝርዝሩ ሳጣ ነው። ነጋዴው ሽንኩርት ይመርቃል፤ ጽሕፈት ቤትዎ ፊደል መረቀልኝ።

ይታረምልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ ወደ ፎቶው እየጠቆሙ፣ ሁለት ዶሮ ያለው ሰው ምን ጎደለው አሉኝ። ፈገግ በይ ተብዬ ፈገግ ማለቴ እንኳ ማስረጃ ሆኖብኛል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ጋሼ በሽር በደጃፍዎ ሲያልፉ ፎቶውንና ከሥሩ «ተመራቂ ቤተሰብ» የሚለውን ጽሑፍ አይተው ኖሯል። ትናንት ሽንኩርቱን በልክ መዝነው ፌስታሉን ቋጠሩት። ይመርቁልኝ ብላቸው፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «አንቺማ ተመርቀሻል» አሉኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ ግን ፎቶ የሚያነሳ አልነበረም።

ሆዴ ባዶ ስለሆነ ሳልቸገር እስከ መሬት እጅ እየነሳሁ፣
ተመራቂዎ
ምስራ ጠይብ

ማስታወሻ፦ ሂዳያ ጠዋት ጠዋት ፎቶ አንሺው መቼ እንደሚመጣ ትጠይቀኛለች። እባክዎ ይላኩልን። በዚህኛው ዙር እጇን ይዤ እቆማለሁ፤ ዳግመኛ በእኛ ምክንያት አንድ ሙዝ እንድትከስሩ አልፈልግም።