ወንጌላዊት በቃሬዛ

ይድረስ ለእታለም ሰገነት፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሽልኛል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ጋሽ ግሩም ደኅና ነው? ማህሌት ጥርስ አወጣች ወይስ እስካሁን በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ትንሽ ከስቻለሁ፤ እኅታችን ወንጌላዊት ናት የምታበስለው።

የእሷን ነገር በስልክ ያልነገርሁሽ አጠገቤ ቆማ ስለምትሰማ ነው። ወገቧ ብሶባት ነበር። ሆስፒታል በሽተኛ ስታነሣ ስታገላብጥ ውላ ስትመጣ ጫማዋን የማወልቅላት እኔ ነበርሁ። «እማሆይ፣ መቋሚያ ላምጣ?» ስላት ትራስ ትወረውርብኛለች፤ ትራሱን ለማንሣት ግን አትጎነበስም። ሐኪሟም «ካላረፍሽ ሥራውን ጭራሽ ትተይዋለሽ» ብሎ ፈቃድ ጻፈላት። ጸበል ትሂድ ያልሽው አንቺ ነሽና፣ በምሠራበት ጀልባ ዘጌ አደረስኋት።

በሳምንቱ ልጠይቃት ብሄድ፣ አንድ ባልቴት ብብታቸውን ይዛ ከመደብ ስታነሣ ደረስሁ። ነርስ መሆኗን ለአንዷ ነግራ ኖሮ ጸበልተኛው ሁሉ «ልጄ ደግፊኝ፣ እኅቴ አዙሪኝ» ይላታል። «የወገብ ጸበልሽ ይኼ ነው?» ብላት፣ ወገቧን እንደያዘች «እንዴት እምቢ ይባላል?» አለችኝ።

ክርክሩን ተውሁት። እኔ ክርክር ስተው ደግሞ ታውቂያለሽ፤ ተንኮል አስቤ ነው። የመንደሩን ጎረምሶች ፈልጌ «እኅቴ ጠንቶባታል፤ ሐኪሙ መራመድ ከልክሏታል። እሺ አትልም፤ ብትጮኽም እንዳትሰሟት» አልኋቸው። አራት ሆነው ቃሬዛ ይዘው መጡና አፈፍ አደረጓት። በቡና ጫካው መሐል እየተራገመች እስከ ጀልባው ወረደች። እኒያ ባልቴት ከኋላ «ምሕረቱን ያውርድልሽ» እያሉ ይመርቃሉ። እኔ ሳቄ እንዳይታይ ከፊት ከፊት መንገድ አስለቅቃለሁ።

ሐይቁ ላይ ስንደርስ ትገድለኛለች ብዬ ስጠብቅ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ከዚያም «ሳይነግሩኝ ሲያነሡኝ ደነገጥሁ። ለአራት ግን ቀላል ነኝ ለካ» አለች። ደግሞም ውሃውን እያየች «እኔ እኮ አንድም ቀን ያዙልኝ ብዬ አላውቅም» አለች።

አሁን ሥራ ገብታለች። አብረዋት የሚሠሩት እንዳሉኝ፣ በሽተኛ ከማንሣቷ በፊት አስታማሚዎቹን «ኑ፣ ያዙልኝ» ትላለች፤ ለበሽተኛውም «ልናነሣህ ነው» ትለዋለች። ወገቧ ጨርሶ ባይተዋትም ተሽሏታል፤ ጫማዋንም ራሷ ማውለቅ ጀምራለች። ትናንት ትራሱን ወረወረችብኝና «ይትባረክ፣ አንሣልኝ» አለችኝ። ያለ ክርክር አነሣሁላት። ለማንም እንዳትነግሪ።

ጋሽ ግሩምን ሰላም በይልኝ። ማህሌትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአማትሽ ለእትዬ እናትዓለም ጉልበት ስሜያለሁ፤ ወገቤን ካሉ ቃሬዛው እኛ አገር አለ።

ወንድምሽ ይትባረክ
ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.