ቀሐን ያጨለምኩበት እሁድ

ለውድ ወንድሜ ኢታማር፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህስ? ባለቤትህ ሐመልማል እንዴት ናት? የልጅህ የሳሪት የወለቀው ጥርስ በቀለላት? እኛ ደህና ነን። እማ ጉንፋኑ ለቋት በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔም ጤና ነኝ። ብቻ ልቤ ሸጋ አይደለም።

ስልክ እያለ ምነው ደብዳቤ ትል ይሆናል። ስልኩን አልወደውም። እሁድ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ፊትህ እዚያ ውስጥ ሲመጣ እማ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ለእኔ አስተካክላ አታውቅም። አንተ ወደ እስራኤል ሄደህ እኛ የመሄጃ ተራ ስንጠብቅ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነን፤ መድኃኒቷን የማቀብላት እኔ ነኝ፤ ለጎረቤት የምታወራው ግን ያንተን ሳቅ ነው። ይህን ጽፌ ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ባለፈው እሁድ የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ኃላፊዬ ሐምዛ ለሶላት ሲወጣ ጠረጴዛውን ለእኔ ተወልኝ። ወዲያው ወደ ከተማችን ከሚገቡት ሁለት ዋና መስመሮች አንዱ ወደቀ። አንዱ በሬ ሲወድቅ ቀንበሩ በሌላው አንገት ላይ ይቀራል። ጭነቱ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ዞረ። እንዲህ ሲሆን ደንባችን አጭር ነው፤ ከሁሉ ብዙ ኃይል የሚጎትተውን ሰፈር ቁረጥ፣ ሌላውን አድን። ብዙ የሚጎትተው ማራኪ ነው።

ሰዓቱን አየሁ። ዘጠኝ ተኩል አልፏል። እጄ ወደ ቀሐ ሄደ። ወደ እኛ ሰፈር። ትንሽ መስመር፣ ቢቆረጥም ሸክም የማያቀልል። ተሳስቼ አይደለም ኢታማር። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፤ ፊትህ ከእማ እጅ ላይ ሲጠፋ ታየኝ፤ ደስ አለኝ። ሁለተኛው መስመር አልቻለም። ማራኪ፣ ፒያሳ፣ አዘዞ፤ ከዚያ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ቁልቁል እስከ ዛሪማ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሁሉም ጨለመ። ዛሪማ ወፍጮው ቆሞ ሴቶች እህላቸውን ሳያስፈጩ ተሸክመው ተመለሱ አሉ።

ቤት ስገባ እማ ስልኩን ታቅፋ ተቀምጣለች። አልተቆጣችም። "አለበል አይደክመውም ወይ፣ ምነው አታሳርፊውም እያለኝ ሳለ ጠፋ" አለችኝ። ስለ እኔ እየጠየቅሃት ነበር።

መዝገቡ ላይ ያለው ስም የሐምዛ ነው። ሥራውን ጥሎ ወጣ ብለው ነገ ይጠይቁታል፤ ሳያባርሩት አይቀሩም። እሱ ይቀልዳል። "አያ አለበል፣ ሶላቴ ጎንደርን አጨለማት አሉ፤ ይህን ያህል ኃይል እንዳለው መች አወቅሁ" ይለኛል። እስቃለሁ።

ነገ ቀድሜው ገብቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ማራኪ እያለ ምነው ቀሐን ቆረጥህ ይሉኛል። መልሱን አፌ እንዲለምደው አስቀድሜ ለአንተ ጻፍኩት። ለእማ ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

ሐመልማልን አክብረህ ሰላም በልልኝ። የሳሪትን ሁለት ጉንጮች ሳምልኝ። አማትህን እትዬ ሸዋረግን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እማ ቅዳሜ በጸሎቷ ሁላችሁንም በየስማችሁ ታነሳለች፤ የቀድሞ ስምህን ነው የምትጠራው፣ አምሐ እያለች።

እሁድ በሰዓትህ ደውል። ሥራው ቢኖርም ባይኖርም ከጎኗ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ።

ወንድምህ አለበል
ጎንደር፣ ቀሐ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.